በአሥራ ሁለት ገድፎ፣ በአሥራ ስድስት ከፍሎ

የውጤቱ ገጽ ሁልጊዜ በመልካም ቃል ነው የሚጀምረው። ጥልቅ አሳቢ ነህ ይልሃል። ብዙ ሰው የማያየውን ታያለህ፣ ሰዎች ግን ቶሎ አይረዱህም። ከዚያ ትንሽ "ነገር ግን" ትመጣለች፦ አንዳንዴ በራስህ ላይ ትጨክናለህ፣ አንዳንዴ ለሌሎች ስትል ራስህን ትረሳለህ። ነቀፌታው ራሱ ካባ የለበሰ ምስጋና ነው፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርበህ "ድክመትህ ምንድን ነው?" ሲሉህ "ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም" እንደማለት። ከታች የአንተን "ዓይነት" የሚጋሩ ታዋቂ ሰዎች ተደርድረዋል። ሳይንቲስት አለ፣ ደራሲ አለ፣ አንድ ሁለት የፊልም ገጸ ባሕርይ አይጠፋም። የወረዳ ሒሳብ ሹም ግን አይቼ አላውቅም።

ኤምቢቲአይን የማያውቅ የዚህ መጽሔት አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ካለ ባጭሩ እንዲህ ነው። ፈተናው ሰውን በአራት ጥንድ ይከፍላል። ጉልበትህን የምታገኘው ከሰው መሀል ነው ወይስ ከብቻነት? የምታምነው በእጅ የሚዳሰሰውን ነው ወይስ ከጀርባው ያለውን ሐሳብ? ስትወስን የምታስቀድመው አመክንዮን ነው ወይስ የሰውን ስሜት? ነገሩ ተቆርጦ እንዲያልቅ ትፈልጋለህ ወይስ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ? ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ፊደል ትወስዳለህ። አራት ጥንድ፣ 16 ዓይነት ሰው። ዛሬ ቴሌግራም ባዮ ላይ አይኤንኤፍጄ፣ ኢኤንቲፒ እያሉ የሚጽፉ ሞልተዋል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥማ ወጣቶች ሲተዋወቁ የሚጠያየቁት ተራ ነገር ሆኗል።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው። ስለዚህ ሰው ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። መለኪያ መሣሪያ ምን እንደሆነ ግን ትንሽ አውቃለሁ፣ ጽሑፍ ማንበብም እወዳለሁ። ስለ ስብዕና ፈተና በተነሣ ቁጥር ወሬው "ሳይንስ ነው ወይስ ጥንቆላ?" የሚለው ላይ ይቆማል። ለእኔ የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ራሱን ለማወቅ የተነሣ ሰው ይህን ገጽ ሲያነብ ምን ያገኛል፣ ምንስ ይወሰድበታል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ጥቅሙ ያለው ጥያቄዎቹ ላይ ስንደናቀፍ ነው። ውጤቱ ደግሞ መጀመሪያ የሚጥለው ያንኑ መደናቀፍ ነው።

ፈተናውን የሠሩት እናትና ልጅ ናቸው፤ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ብሪግስ ማይርስ፣ ሁለቱም አሜሪካውያን። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የስዊዙ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ስለ ሥነ ልቦና ዓይነቶች የጻፈው መጽሐፍ በ1921 በጀርመንኛ ወጣ፣ በ1923 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ፣ ካትሪን እጅ ገባ። ልጅየዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የዩንግን ሐሳብ ወደ መጠይቅ ለወጠችው። በጦርነቱ ምክንያት ወደ ሥራ የገቡ ሴቶች የሚስማማቸውን ቦታ እንዲያገኙ መርዳት አንዱ ዓላማዋ ነበር። በ1962 ኢቲኤስ የተባለው ትልቁ የአሜሪካ የፈተና ድርጅት አሳተመው። እናትም ልጅም በሥነ ልቦና ሙያ አልሠለጠኑም። ይህን እንደ ስድብ የሚጠቅሱ አሉ፤ እኔ ግማሹን ሙያዬን ከዩቲዩብ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ በዚህ አልፈርድባቸውም።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ኢዛቤል ወደ መጠይቁ ከመግባቷ በፊት ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበረች። የመጀመሪያ የወንጀል ልብ ወለዷ የመጽሔት ውድድር አሸንፎ በ1930 ታትሟል። የወንጀል ልብ ወለድ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ አንድ አንድ ጠባይ ይዘው ይቀመጣሉ፣ መርማሪው ምልክት እየለቀመ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ማን ማን እንደሆነ ይገለጣል። ሰውየው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያው ነበር፤ ያላወቅነው እኛ ነን። የውጤቱን ገጽ ሳነብ የሚታየኝ ይሄ ነው። "እውነተኛው አንተ" የሆነ ቦታ ተሸሽጎ ነበር፣ ይህን ያህል ጥያቄ ጠይቀን ያዝነው።

በ1934 የወጣው ሁለተኛው ልብ ወለዷ ግን ደስ አይልም። አንድ የአሜሪካ ደቡብ ነጭ ቤተሰብ ደሙ ውስጥ የጥቁር ዘር አለ ብሎ ያምናል፣ አባላቱም በዚህ ምክንያት ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሴራው የቆመው እዚህ ላይ ነው። ፈተናው ዘረኛ ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ሰው ሲወለድ ይዞት የመጣ፣ ሊቀይረው የማይችል የማንነት ምስጢር አለው የሚለው ሐሳብ ለደራሲዋ አዲስ አልነበረም። በፈተናው ይኸው ሐሳብ ፀጋ ሆኖ ተመለሰ። በ1980 የወጣው ስለ ፈተናው የጻፈችው መጽሐፍ ርእሱን የወሰደው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ስለ ልዩ ልዩ ፀጋ ከጻፈበት ቦታ ነው። ሁሉም ፀጋ አለው፣ ክፉ ዓይነት የለም። ደግ ሐሳብ ነው፤ ለምን ይዋሻል። የውጤቱ ገጽ ሲያሞግሰን የሚውለውም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል።

ሙገሳው እንዴት እንደሚሠራ በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር በ1948 አሳይቷል። ለ39 ተማሪዎቹ ፈተና ሰጠና ለእያንዳንዳቸው "የግል" ውጤት አደለ። ውጤቱ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቃቸው፤ አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ ወረቀቶቹ ሲታዩ ለሁሉም የተጻፈው አንድ ነበር። ዐረፍተ ነገሮቹም የተለቀሙት በአብዛኛው ጋዜጣ መሸጫ ላይ ከተገኘ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

ኮከብ ቆጠራ ካልን የራሳችን አለን። ዐውደ ነገሥት ብዙ ቤት ተሸሽጎ የኖረ መጽሐፍ ነው። አሠራሩ ፕሮግራመርን ፈገግ ያሰኛል። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። የስምህንና የእናትህን ስም ፊደላት ትደምራለህ፣ ድምሩን በ12 ትገድፋለህ፣ የተረፈው ኮከብህ ነው፤ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያለ እስከ ሑት። መግደፍ ማለት እኛ ሞጁሎ የምንለው ነው። ጽሑፍ ታስገባለህ፣ በቁጥር ትፈጨዋለህ፣ ከተወሰኑ ሳጥኖች አንዱ ውስጥ ይወድቃል። ይሄ እኮ ሀሽ ፈንክሽን ነው። አያቶቻችን ከዳታቤዝ በፊት ሀሽ ቴብል ነበራቸው።

እንደ መለኪያ ካየነው ደግሞ በአንድ ነገር ከኤምቢቲአይ ይበልጣል። ስምህ ካልተቀየረ ዛሬም ነገም ከአምስት ዓመት በኋላም ኮከብህ ያው ነው። ኤምቢቲአይ እንዲህ አይጸናም። ዴቪድ ፒተንገር በ1993 ባወጣው ግምገማ መሠረት ፈተናውን በአምስት ሳምንት ልዩነት ደግመው ከወሰዱ ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ቢያንስ አንድ ፊደል ተቀይሮባቸዋል። ሒሳቡን ላየው ሰው አይገርምም። እያንዳንዱ ፊደል ሳይቀየር የመቆየት ዕድሉ 85 ከመቶ ነው እንበል፤ መጥፎ ቁጥር አይደለም። አራቱም አብረው ሳይቀየሩ የመቆየት ዕድላቸው ግን 0.85 አራት ጊዜ ተባዝቶ 52 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይርቅም። በርግጥ አለመቀየር ብቻውን ምንም አይደለም። ምንም ነገር ላይ ብትሰካው ሁልጊዜ 5 ቮልት የሚያሳይ የተበላሸ ቮልትሜትር በጣም ጽኑ ነው፤ የሚለካው ግን የለም። ዐውደ ነገሥት እንደዚያ ነው።

ሁለቱን እንደ ጽሑፍ ጎን ለጎን ስታነቧቸው ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። ዐውደ ነገሥት አያባብልም። በሽታህን ይነግርሃል፣ የማይስማማህን ቀን ይነግርሃል። የእናትህን ስም ሳትይዝ ከሄድክ አይቆጥርልህም፤ እዚያ ሰው ብቻውን አይቆጠርም። ኤምቢቲአይ የሚጠይቀው አንተን ብቻ ነው፤ ስለ አንተ፣ በአንተ ቃል። ከዚያ የነገርከውን መልሶ ይነግርሃል። "ብቻዬን መሆን እወዳለሁ" ብለህ በአሥር መንገድ ትመልሳለህ፣ "አንተ ብቻህን መሆን የምትወድ ሰው ነህ" ይልሃል፣ "እንዴት አወቀኝ!" ትላለህ። እናትህን ቢጠይቃት ኖሮ ምን ትለው እንደነበር አስበው።

ለአንድ ሥራ መዋላቸው ግን አልቀረም። "ኮከባችን አልገጠመም" ስንል ኖረናል፤ አሁን ደግሞ የትኛው ዓይነት ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሞልቷል። ፍቅረኛውን ለመተው ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ሁለቱም ይበቃሉ።

ወደ ዋናው ልመለስ፤ ወደ ፊደሉ። ሰው በርግጥ ሁለት ዓይነት ቢሆን ኖሮ፣ ብዙ ሰው ፈትነን ውጤቱን በግራፍ ስናወጣው ሁለት ጉብታ እናይ ነበር፤ አንዱ በዝምተኞቹ በኩል፣ አንዱ በተጫዋቾቹ። የሚታየው ግን አንድ ጉብታ ነው፣ እሱም መሀል አካባቢ። አብዛኛው ሰው መካከለኛ ነው። ፈተናው ይህንን መሀል በቢላ ይቆርጠዋል። 49 ያመጣው እዚህ፣ 51 ያመጣው እዚያ። 51 ያመጣውና 95 ያመጣው አንድ ፊደል ይካፈላሉ፤ 49 ያመጣው ጎረቤቱ ግን ተቃራኒ ይባላል። ላብራቶሪ ውስጥ ተማሪ 4.98 እና 5.02 ለክቶ አንዱን "ዝቅተኛ"፣ ሌላውን "ከፍተኛ" ብሎ ቢጽፍ ሪፖርቱ ይመለስለታል።

መረጃ መጣል በራሱ ጥፋት የለበትም። እኛ ስንጥል ነው የምንውለው፤ ፎቶ ሲታመቅ ይጣላል፣ ድምፅ ሲታመቅ ይጣላል። ነገር ግን ጥሩ አማቂ የሚጥለው ጆሮ የማይሰማውን ነው። እዚህ የሚጣለው መሀሉ ነው፤ "እንደ ሁኔታው" ብለህ ጣትህ ስክሪኑ ላይ የቆመችበት ቦታ። እኔ ስለ ዕቅድ የሚጠይቀው ላይ ሁሌ እቆማለሁ። ሥራ ላይ ያለ ቲኬት አንድ መስመር ኮድ አልጽፍም። ቤቴ ውስጥ የታጠበ ልብስ ወንበር ላይ ሦስት ሳምንት ይከርማል። ማንኛው ነኝ? "በመጠኑ" የምትለውን መሀለኛዋን ክብ መንካት ይቻላል፤ ችግሩ በመጠኑ አይደለሁም፣ ሁለቱንም በጣም ነኝ። አንድ ቀን ፈተናውን እዚያው አቋርጬ ማስታወሻ ላይ የጻፍኩት ነገር አለ፦ ዕቅድ የማወጣው ሰው ሲጠብቀኝ ብቻ ነው። ለራሴ ቀጠሮ ይዤ አላውቅም። ይህችን ነገር ከአሥራ ስድስቱ ገጾች አንዱም አይነግረኝም። የነገረችኝ የቆምኩባት ጥያቄ ናት።

(አንድ የሙያ ማሳሰቢያ ጣል አድርጌ ልለፍ። አብዛኞቻችን የወሰድነው ኦፊሴላዊውን አይደለም፤ እሱ በክፍያ ነው። ሲክስቲን ፐርሰናሊቲስ የሚባለው ነፃ ድረ ገጽ የማይርስን ፊደላት ተመራማሪዎች ከሚጠቀሙባቸው አምስት መለኪያዎች ጋር አዳቅሎ አምስተኛ ፊደል የጨመረበት ሌላ ነገር ነው። ሌሎች የማይታወቁ ፈተናዎች ላይ ደግሞ "በፌስቡክ ግባ" ሲላችሁ ቆም በሉ። በ2018 የወጣው የኬምብሪጅ አናሊቲካ ቅሌት የተነሣው ከስብዕና ፈተና ነው፤ ፈተናውን የወሰዱት 270,000 ያህል ነበሩ፣ መረጃቸው የተወሰደው ግን ጓደኞቻቸውን ጨምሮ እስከ 87 ሚሊዮን ይደርሳል። ራስን ማወቅ ለሌላ ሰው ዳታ ነው።)

የተጣለው መሀል ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ከዚህ በፊት በሠራሁበት ቦታ ነው። ኃላፊያችን ከአንድ ሥልጠና ተመልሶ ሁላችንም ነፃውን ፈተና እንድንወስድ አደረገ፤ ፊደሎቻችን የቡድኑ ቻት ላይ ከስማችን ጎን ተጻፉ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሣቅ ነበር። ከዚያ ፊደሉ ሥራ ጀመረ። አንዲት ባልደረባችን ኢንትሮቨርት ተብላለች። ከደንበኛ ጋር ስብሰባ ሲኖር "እሷ አትወደውም፣ አናስጨንቃት" ይባል ጀመር። ክፋት አልነበረበትም፣ እንዲያውም አሳቢነት ነበር፤ አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው። ሲስተሙን ከሁላችንም አብልጣ የምታውቀው እሷ ናት፣ ደንበኛ ፊት የሚቀርበው ግን ሌላ ሰው። የዕድገት ጊዜ ሲደርስ "ከደንበኛ ጋር የመሥራት ልምድ" የሚል መስፈርት መጣ። አላለፈችም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠየቅኳት። "ዝም የምለው ሰው ሲያወራ ስለማላቋርጥ ነው" አለችኝ። "ደሞ ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ዐረፍተ ነገሬን አስተካክዬ እስክጨርስ እናንተ ሁለት ርእስ አልፋችኋል።" ትንሽ ቆይታ ሣቀች። "ቤት መጥተህ እህቶቼን ጠይቃቸው እስቲ፤ ዝም በይ ሲሉኝ ነው የሚውሉት።"

ፈተናው አልዋሸባትም። ሰው በተሰበሰበበት ምን እንደምታደርግ ጠየቃት፣ እውነቱን መለሰች። ለምን እንደሆነ የሚጻፍበት ሳጥን ግን አልነበረም። ጨዋነት፣ የቋንቋ ጭንቀትና ብቻነትን መውደድ በአንድ ፊደል ገቡ። ፊደሉ አንዴ ከስሟ ጎን ከተጻፈ በኋላ ደግሞ የሚጠይቃት ሰው አልተገኘም፤ መልሱ ተጽፏላ። የኦፊሴላዊው ፈተና ባለቤት የሆነው ድርጅት ራሱ ሰው ለመቅጠር አትጠቀሙበት ይላል። ማን ያነበዋል?

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ጣሉት እንድል ይጠበቅብኝ ይሆናል። አልልም። ያደግኩት ሰባት ሰው በሁለት ክፍል በሚኖርበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ በር መዝጋት ሁለት ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ወይ አኩርፈሃል ወይ አሞሃል። "ትንሽ ብቻዬን ልቀመጥ" የሚል ነገር የለም። እናቴ "ምን ሆንክብኝ?" ትላለች፣ አክስቴ "ማን ተናገረው?" ትላለች፣ ጉዳዩ ሽማግሌ ሊገባበት ምንም አይቀረው። "ምንም አልሆንኩም" ብትል ደግሞ ባሰ። ኢንትሮቨርት የሚለውን ቃል ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ስምንት ሆነን አንድ ዶርም ውስጥ ስንኖር ነው። ቃሉ እንደ ሳይንስ አልጠቀመኝም፤ እንደ ፈቃድ ወረቀት ጠቀመኝ። ኩርፊያ ያልሆነ ዝምታ አለ ለካ። ይህን ለእናቴ በአማርኛ ማስረዳት ሌላ ትግል ነበር፤ ግን ቢያንስ እኔ አወቅኩት። ስንቱ የእኔ ዕድሜ ልጅ ከዚህ ገጽ እንዲህ ያለ ፈቃድ እንደወሰደ አስባለሁ፤ ለዚያ ሲባል ገጹን ልሳደብ አልችልም።

ቃል የሚሰጥ ከሆነ ግን የማን ቃል ነው? አማርኛ ለዚህ ነገር ቢያንስ ሦስት ቃል አለው፣ ሦስቱም አንድ አይደሉም። ባሕርይ አብሮህ የተፈጠረ ነው፤ የእሳት ባሕርይ ማቃጠል ነው እንላለን። አመል የለመደብህና የማይለቅህ ነው፤ በቅሎም አመል አላት። ጠባይ ግን የሚያዝ፣ የሚታረም ነገር ነው። "ጠባይህን አሳምር" ይባላል፤ "ባሕርይህን አሳምር" የምትል እናት ሰምቼ አላውቅም። የፈተናው ገጽ ሦስቱንም ባሕርይ ያደርጋቸዋል። ስልክ አለማንሣት፣ ቀጠሮ ማርፈድ፣ ሰውን ፊት ለፊት መዝለፍ፣ ሁሉም "ዓይነቴ ነው" ይሆናል። ወላጆቻችን በተራቸው ሁሉንም ጠባይ ያደርጉታል፤ ዝምታህም፣ ፍርሃትህም፣ ሐዘንህም "ተው" ሲባል የሚቆም ይመስላቸዋል። ራሱን የሚመረምር ሰው ሥራው ማንኛው በየትኛው ቃል እንደሚገባ መለየት ነው፤ እሱን ደግሞ ስልሳ ጥያቄ አይጨርሰውም።

ተመራማሪዎች የሚመርጧቸው አምስቱ መለኪያዎች ዓይነት ስለማይሰጡ፣ ቁጥር ብቻ ስለሚሰጡ ከዚህ ይሻላሉ። እነሱም ግን ቋንቋ አላቸው። መነሻቸው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት በ1936 ሰውን የሚገልጹ 18,000 ያህል ቃላት ለቀሙ፣ የኋለኞቹ ያንን እያጠበቡ ሄዱ። አንድ ሰው የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ይዞ ያንኑ ቢሠራ ምን ይወጣ ነበር? ብዙው ከሆድ የሚጀምር ይመስለኛል፦ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ሆደ ቡቡ፣ ሆድ አደር። ከዚያ ይሉኝታ አለ። ይሉኝታ ቃሉ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ቁጭ ብለዋል፤ "ምን ይሉኛል" ነው ነገሩ። ይሉኝታ የያዘው ሰው "ለሌሎች ስሜት ትጨነቃለህ?" ተብሎ ሲጠየቅ "በጣም" ይላል። የሚጨነቀው ግን ለአፋቸው ነው። ፈተናው ሩኅሩኅ ብሎ ይጽፈዋል።

ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበባችሁ ካሣ ዳምጤን ታውቁታላችሁ፤ በዚህ ስሙ ግን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ጉዱ ካሳ ነው። ዛሬ ቢሆን አይኤንቲፒ ተብሎ ያልቅለት ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ ያደረጉት ግን ሌላ ነው። "ጉዱ" የሚለውን ያወጣለት አካባቢው ነው፣ መጽሐፉን ስንዘጋ ስለ ካሣ ያወቅነውን ያህል እንዲያ ብለው ስለሚጠሩት ሰዎች አውቀናል። የፈተናው ገጽ ላይ ስም አውጪው አይታይም። ከየት ቆሞ እንደሚያይህ አይነግርህም፤ ለዚህ ነው መስታወት የሚመስለው።

ባለፈው ክረምት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በአማርኛ መጠይቅ ለመጻፍ ሞከርን። ለጨዋታ ነው የጀመርነው፣ ካማረ አፕ እናደርገዋለን ብለን። መጀመሪያ የገጨነው ግድግዳ ተውላጠ ስም ነበር። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ "ዩ" አለው። እኛ "ትወዳለህ" ካልን ግማሹን ሰው አስወጣን። "ይወዳሉ" ካልን ደግሞ መላሹ እርስዎ ሲባል ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ እንደ እርስዎ ይመልሳል። ጾታ አስቀድሞ ጠይቆ ግሡን መቀየር ይቻላል፤ ኮዱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ግን "ማታ ብቻህን በእግርህ መሄድ ትወዳለህ?" እና "ማታ ብቻሽን በእግርሽ መሄድ ትወጃለሽ?" አንድ ጥያቄ ናቸው? ጓደኛዬ ሁለተኛውን እንደ ስብዕና ጥያቄ ሳይሆን እንደ ፖሊስ ጥያቄ ነው የምሰማው አለችኝ።

ስለዚህ ፓርቲና ኮክቴል የሚሉትን ሁሉ አውጥተን የራሳችንን አስገባን። ለቅሶ ቤት ስትገባ የት ትቀመጣለህ? የታክሲ ረዳት መልስህን ሳይሰጥህ ሲቀር ትጠይቃለህ ወይስ ትወርዳለህ? ሰው ቤት ሄደህ "ብላ" ሲሉህ በስንተኛው ትበላለህ? ይህችን የመጨረሻዋን በጣም ወደድናት። ከአንድ እስከ አምስት፣ ንጹሕ ቁጥር ትሰጣለች፣ ግራፍ ላይ ታምራለች።

ለእናቴ ቡና እያፈላች አነበብኩላት።

"የማን ቤት?" አለች።

በአጠቃላይ ነው፣ ሰው ቤት፣ አልኳት።

"በአጠቃላይ የሚባል ቤት የለም። አክስትህ ቤት ከሆነ ሳይሉኝ ነው የምበላው። የአባትህ ወንድም ቤት በሦስተኛው፤ ሚስቱ ካለች ግን አልበላም፣ በልቻለሁ እላለሁ።" ጀበናውን አስቀምጣ ጎረቤቶቹን ከግራ ጀምራ መቁጠር ያዘች። ወረቀቱ ላይ ከአንድ እስከ አምስት የተሣሉት ክቦች አልበቁም፤ ገልብጬ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ዘጠኝ ቤት ደርሰን ነበር።